«ሴት ከሆነችማ ይቅርብኝ»

«ወንድ ነው ሴት?»

ይህን ጥያቄ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ አልያዝኩም። ልጅ ወልጄ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊሉ የመጡ ሰዎች የጠየቁኝ አይደለም። በጫማ ካርቶን ውስጥ ጭብጥ የምታክል የድመት ግልገል ይዤ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ስዞር፣ ካርቶኑን ከፍቶ ያየ ሁሉ ከ«ውይ ስታምር!» ቀጥሎ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ነበር። «ሴት ናት» ስል ፊቱ ይቀዘቅዛል። ካርቶኑ ይከደናል። «ሴት ከሆነችማ ይቅርብኝ፤ ወንድ ስታገኝ ግን አደራ!» ተብዬ በሻይ እሸኛለሁ። (ኧረ ሻዩም የቀረበት ቤት አለ።)

የድመት ወሬ ለዚህ መጽሔት አይመጥንም የሚል አንባቢ ገጹን ገልብጦ ማለፍ ይችላል፤ አልቀየምም። እኔ ግን የአንድን ከተማ ሰው ጠባይ ለማወቅ ለምንም የማትጠቅም አንዲት ነፍስ ይዞ ደጃፉ ላይ መቆምን የመሰለ ዘዴ እንደሌለ ከዚያ ወዲህ አምኛለሁ።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ነው። ዶሮ ማነቂያ በመፍረስ ላይ ነበር። እንደ ብዙው የከተማው ሰው እኔም «እስቲ ልሰናበተው» ብዬ ወርጃለሁ። ግድግዳው ወድቆ በሩ ብቻ የቆመ ቤት፣ የትም የማያደርስ ግማሽ ደረጃ፣ ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ የቀረ ካላንደር። ልጆች ከሲሚንቶው ውስጥ ፌሮ ይፈለቅቃሉ፤ ሴቶች እንጨት ይለቅማሉ። ከአንድ የታጠፈ ቆርቆሮ ሥር ከጫጩት ድምፅ የማይለይ ጩኸት ሰማሁ። ቆርቆሮውን ሳነሳው ሦስት ቀለም ያላት፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የተለቀለቀች ግልገል አፏን ከፍታ ታየኛለች። ከአጠገቧ ሁለት ወንድሞቿ ወይም እህቶቿ ነበሩ። እነሱ አይጮኹም።

እንጨት የሚለቅሙ አንድ አዛውንት «ተዋት የኔ ልጅ፣ እናቷ ትመጣለች» አሉኝ። ልክ ናቸው። ብቻዋን የተገኘች ግልገል ሁሉ የተጣለች አይደለችም፤ እናት ምግብ ፍለጋ ለሰዓታት ትጠፋለች፤ ሰው አጠገቧ ከቆመም አትቀርብም። ስለዚህ ርቄ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆምኩ። እናቲቱ አልመጣችም፤ የመጣው ኤክስካቫተር ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት በዚያው ሌሊት ነው። ድመትና ወተት በልጅነት ካየነው ሥዕል ሁሉ ላይ አብረው የተሳሉ ናቸውና የላም ወተት ሞቅ አድርጌ ሰጠኋት። በማግስቱ ተቅማጥ ሊገድላት ደረሰ። የእንስሳት ሐኪሙ ሳቀብኝ። የድመት ሆድ የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር እንደ ልብ መፍጨት አይችልም፤ አምሮቱ አላት፣ አቅሙ የላትም። አምስት ሳምንት ገደማ እንደሆናት ከጥርሷና ገና ሰማያዊ ከሆነው ዓይኗ ተነስቶ ነገረኝ። «ሥጋ ቀቅለህ፣ አድቅቀህ በመረቁ ስጣት፤ ሽንኩርት እንዳታስነካው፣ ይመርዛታል። ሌሊት ብርድ እንዳያገኛት።» በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልዬ ጎኗ አስተኛሁላት። ሃይላንዱን አቅፋ ተኛች።

እንግዲህ ዓመቱን ልብ በሉልኝ። 2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ የገቡበት ዓመት ነው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ተዘግቷል። እኔ ደግሞ በጾም መሀል፣ በጿሚ አከራይ ግቢ ውስጥ፣ በየማታው ሥጋ እቀቅላለሁ! አከራዬ ሽታው ሲደርሳቸው መጀመሪያ የመሰላቸው ሃይማኖት መለወጤ ነው። ካርቶኑን ከፍቼ ባሳያቸው ጊዜ ደግሞ የባሰ ደነገጡ። «አስም አለብኝ እኮ ልጄ! እስከ ፋሲካ ታገሥኩህ፤ ከዚያ በኋላ ወይ አንተ ወይ እሷ።» በእሳቸው አልፈርድም። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ነገሩ ፀጉሯ አይደለም፤ ምራቋና ቆዳዋ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ፀጉሯን ስትልስ የሚበተነው። አለርጂ ያለበትን ሰው አስሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። አከራዬ እውነተኛ ምክንያት ካቀረቡልኝ ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው፤ ቀነ ገደቡን ያበጁልኝም እሳቸው ናቸው።

ሥጋውን የማገኘው ከሰፈራችን ሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር። ባለቤቱ ከንፈሩ በጾም ደርቆ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቢላዋውን ይስላል። «ለውሮ ነው?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። ሥጋው ለእኔ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ትርፍራፊውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝና ገንዘቤን መልሶ እጄ ላይ አኖረው። ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ እንደሚባሉ፣ ትርጉሙም የድመት ግልገል አባት ማለት እንደሆነ፣ ድመት ዘግታ በረሃብ ስለገደለች ሴት የሚናገር ሐዲስ እንዳለም የነገረኝ እሱ ነው። «እንግዲያው ለምን አንተ አትወስዳትም?» ስለው ሳቀ። «ሥጋ ለድመት አደራ ልስጥ እንዴ?»

እህል በረንዳ አንድ የእህል ነጋዴ አይጥ አስመርሮታል አሉኝና ሄድኩ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ወንበር አቀረበልኝ፣ ቡና አዘዘልኝ። የቀድሞዋ ድመት ግን ከጤፉ ጆንያ ኋላ ነበረች። አንገቷ በሲባጎ ታስሯል፤ የሲባጎው ጫፍ ከመደርደሪያው እግር። ርዝመቱ ከሁለት ክንድ አይበልጥም። «ካልታሰረች ትሄዳለች፤ ከጠገበች ደግሞ አይጥ አትይዝም» አለኝ፣ የንግዱን ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ታስራ አይጥ የምትይዘው አይጡ የገመዷን ርዝመት ለክቶ ሲመጣላት ይሆን? «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» የሚባለው ተረት የተፈጠረው መርካቶ ሳይሆን አይቀርም። የድመት አደን እኮ ከረሃቧ ጋር የታሰረ አይደለም። በልታ፣ ጠግባ፣ ፊቷን ታጥባ በክር ኳስ ላይ ስታደባ ያላየ ሰው አለ? የሚያድን የጤነኛ ድመት ጉልበት ነው፤ ሆዷ ከጀርባዋ የተጣበቀች ድመት የምታድነው እንቅልፍ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ልነግረው አሰፍስፌ ነበር፤ ዕድል አልሰጠኝም። ካርቶኑን ከፍቶ «ወንድ ነው ሴት?» አለ። ነገርኩት። «አይ ወንድሜ፣ ሴትማ ትወልድብኛለች።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በጾታዋ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ጓደኛዬና ባለቤቱ ናቸው። ሁለቱም የተማሩ፣ ግቢ ያላቸው፣ እንስሳ የሚወዱ። እሷ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተሐዋስ ስም ከእኔ በተሻለ ትጠራዋለች። «ድመት ያለበት እንዳትደርሺ ተብያለሁ» አለችኝ። ጥንቃቄዋን አከብራለሁ፤ በሽታው በማኅፀን ላለ ልጅ ቀልድ አይደለም። ግን ይህን ያለችኝ የት ነው? ክትፎ ቤት! ጴንጤ ስለሆኑ ጾሙ አልያዛቸውም። አስተናጋጇ «ለብ ለብ ይሁን?» ስትላት «ኧረ ጥሬውን!» ብላ አዝዛ፣ ጣባው ከፊቷ ቀርቦላት ነው የድመት ትምህርት የምትሰጠኝ። ጎበዝ! ይኸው ተሐዋስ ወደ ሰው ከሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ እኮ ያልበሰለ ሥጋ ነው። ከድመት የሚመጣው በዓይነ ምድሯ ነው፤ እሱንም ባብዛኛው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘች ሰሞን፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የምትጥለው፤ ከተጣለም በኋላ ሰው ለመያዝ እስኪበቃ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይወስድበታል። ባልየው በየቀኑ አሸዋዋን ቢደፋላት ነገሩ ባብዛኛው አበቃ። የሚያሰጋት ከካርቶኑ ይልቅ ጣባው እንደሆነ ላስረዳት አፌን ስከፍት ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር የድሮ ባልደረባዬ ከልቡ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር፤ ሴትነቷንም አልጠየቀም። የብሎኩ ኮሚቴ ግን ስብሰባ ተቀመጠና ውሻና ድመት ክልክል መሆኑን በቃለ ጉባኤ አሳወቀው። የዚያኑ ቀን ሁለተኛው አጀንዳ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ለአይጥ መርዝ መግዣ ከየቤቱ የሚዋጣ ገንዘብ! በሳምንቱ የተመረዘ አይጥ የበላች አንዲት ባለቤት አልባ ድመት ደረጃው ሥር ሞታ ተገኘች። አይጦቹስ? አይጦቹ እንደ ኮሚቴው ስብሰባ መቀመጣቸውን የቀጠሉ ይመስለኛል። «በድመቷ አንገት ላይ ቃጭሉን ማን ይሰር?» የሚለው የጥንት አጀንዳቸው ግን ተዘግቶላቸዋል።

ቦሌ አንዲት ወይዘሮ ድመት ይፈልጋሉ ተብዬ ተላክሁ። ካርቶኑን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው «የሐበሻ ናት እንዴ?» አሉኝ። እሳቸው የሚፈልጉት ፀጉረ ረጅሟን፣ ፊተ ጠፍጣፋዋን የፈረንጅ ድመት ኖሯል። እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ።

በዓለም የድመት ትርዒቶች ላይ «አቢሲኒያን» የሚባል የታወቀ ዝርያ አለ። ቀጠን ያለ፣ ጆሮው የቆመ፣ ፀጉሩ ቀይ ቡናማ፤ አሜሪካና አውሮፓ በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጥ። የስሙ ታሪክ መቅደላ ይደርሳል። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ከመቅደላ ሲመለስ መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን፣ ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። ዙላ የምትባል አንዲት ድመትም ከጦርነቱ በኋላ ከሐበሻ ምድር እንደተወሰደች እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዝ አገር የታተመ የድመት መጽሐፍ ከነሥዕሏ ይናገራል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የባሕር ዳርቻ ስም ነው። የዛሬዎቹ የዘረመል ምርመራዎች የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ስለሚወስዱት የእኛ የሆነው ምናልባት ስሙ ብቻ ነው። ይሁን። እንግሊዞቹ «የሐበሻ ድመት» ብለው ዋጋዋን ሰቀሉት፤ የቦሌዋ ወይዘሮ «የሐበሻ ድመት» ብለው ካርቶኑን ከደኑት። የቱ እንደሚያሳፍር አንባቢ ይፍረድ።

አሁን ወደ ዋናው ጠቤ ልምጣ። በየደረስኩበት የተደገመልኝ አንድ ቃል አለ፦ «ምን ታስጨንቃለህ ወንድሜ? ድመት እኮ ቤት እንጂ ሰው አትወድም።» ይህን የሚሉኝ አዋቂ መስለው ነው፤ ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ። የአገራችን ተረት ድመትን ከሰደበበት አብልጦ የሰደበው እንስሳ ቢኖር ጅብ ብቻ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይላታል። ውሻ «የጌታዬ ልጆች ይብዙልኝ» ብሎ ሲጸልይ፣ ልጆች ፍርፋሪ ይጥሉለታልና፣ እሷ ግን «የጌታዬ ዓይን ይጥፋልኝ» ትላለች ይባላል፤ ሌማቱን እንድትገለብጥ። ማን ሰማት? ማን ቀረጻት? የኖርነው ከእኛ ዘንድ ፍርፋሪ ስትፈልግ ባየናት ፍጡር ላይ የራሳችንን ጸሎት እያስጸለይን ነው።

ድመት ከቦታዋ ጋር መላመዷ እውነት ነው፤ ሽታዋን ያኖረችበትን ማእዘን በቀላሉ አትለቅም። ከዚህ ተነስቶ ሰው አትወድም ማለት ግን ርስቱን የሚወድ ገበሬ ልጆቹን አይወድም እንደማለት ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የድመት ግልገሎችን ከአሳዳጊያቸው ጋር አዲስ ክፍል ውስጥ አስገቡ፤ አሳዳጊውን ለሁለት ደቂቃ አስወጡት፤ መልሰው አስገቡት። ወደ 64 በመቶ የሚሆኑት ሰውየው ሲመለስ ተረጋጉ፤ መጥተው ሰላም ብለው ክፍሉን ማሰስ ቀጠሉ። በእናትና በሕፃን ልጅ መካከል የሚታየው መጠን ከዚህ ብዙም አይርቅም። ክፍሉ እኮ ቤታቸው አልነበረም! የሚያውቁት ሰውየውን ብቻ ነው።

ጥናቱ ቢቀር ሰፈሬ ይበቃኛል። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ቤተሰብ ቪላውን ሸጦ አፓርታማ ሲገባ የፕላስቲክ አበባውን ሳይቀር በፎጣ ጠቅልሎ ጭኗል። ስድስት ዓመት አብራው የኖረችውን ድመት ግን በር ላይ ትቷት ሄደ፤ «ቤቱን ስለምትወድ» ተብሎ። ሁለት ወር ሙሉ አጥሩ ላይ ተቀምጣ መኪናው የሄደበትን መንገድ ታይ ነበር። ቤቱማ እዚያው ነበረ። የምትወደው እሱን ከሆነ ጀርባዋን ሰጥታው ምን ታያለች?

ከዶሮ ማነቂያ የተነሳችውን እናት አልወቅስም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የዕድሜ ልክ ኑሮ አይሱዙ ላይ ጭና፣ ለልጆቿ ትምህርት ቤት ፈልጋ፣ ከከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ የምትሰቅል ሴት «ድመቷን ረሳሽ» ብሎ የሚከራከራት ሰው ልቡ ድንጋይ ነው። እኔም ብሆን ልጆቼን ነው የምይዝ። የምወቅሰው ተረቱን ነው፤ ተረቱንም በምቾት ጊዜ የሚጠቀሙበትን። «ቤት ነው የምትወደው» ማለት «ትቻት መሄዴ ለእሷ ብዬ ነው» ማለት ነው። ቤቱ ሲፈርስ ምን እንደምትወድ እስካሁን ተረት ያበጀላት የለም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ ወንድ ነው ሴት? ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሴት ድመት ከአራትና ከአምስት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። ዘጠኝ ሳምንት ተሸክማ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ። ወንድ ያሳደገ ሰውዬ ግን በየአጥሩ ሲዞር የሚያድረው ድመቱ ለስንቱ ግልገል ምክንያት እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም። ልጆቹ በየቱቦው ሲጮኹ እሱ «እኔ ቤት የድመት ጣጣ የለም» ብሎ ይተኛል። በሰዎቹም ዘንድ ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ እሱን ግን ለሌላ ቀን።

ይህን የምጽፍ እኔ ንጹህ ነኝ ብዬ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖኝ ቀበና ስንኖር ድመታችን በወለደች ቁጥር እናቴ ግልገሎቹን አንድ በአንድ አንስታ ጭራቸውን ቀና አድርጋ ታያለች። ወንዶቹ ለጎረቤት ይታደላሉ። ሴቶቹ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባሉ። ማዳበሪያውን የምሸከም እኔ ነኝ፤ ደመወዜ ሃምሳ ሳንቲም። ወንዙን ተሻግሬ፣ ተመልሰው እንዳይመጡ ሦስት ጊዜ ዞሬ፣ አፉን ፈትቼ እሮጣለሁ። ዓይናቸው እንኳን ያልተገለጠ ግልገሎች ተመልሰው እንዳይመጡ! የመንገዱ ግማሽ ላይ ማዳበሪያው ጀርባዬ ላይ ይሞቀኝ እንደነበር አልረሳም። ቤት ስመለስ ድመቷ ከክፍል ክፍል እየዞረች ትጣራለች፤ እናቴ ወጥ እያማሰለች «አትያት፣ ትረሳዋለች» ትለኛለች። እናቴ ጨካኝ ሴት አልነበረችም። በስድስት ሰው ቤት ውስጥ ለሰባተኛ አፍ የሚሆን አልነበራትም፤ ድመት እንዳትወልድ ማድረግ እንደሚቻልም የነገራት የለም።

ዛሬ ይቻላል። የደብረ ዘይቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከተከፈተ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሐኪም የለም የሚል ሰበብ አይሠራም። ነገር ግን ግልገሏን ይዤ የሄድኩበት ክሊኒክ ለማምከን የጠየቀኝ ዋጋ ከወር የቤት ኪራዬ ሲሶውን ይሆናል። ለውጭ አገር ሰው ውሻና ለቪላ ውሻ የተተመነ ዋጋ ነው። እናቴን የመሰለች ሴት ይህን ትከፍላለች? ማዳበሪያው እኮ ነፃ ነው። ከተማችን የጎዳና ውሻን በመርዝ ሥጋ ስትጨርስ የኖረች ናት፤ የእብድ ውሻ በሽታን የሚገታው ግድያ ሳይሆን ከውሾቹ ሰባ በመቶ ያህሉን መከተብ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲናገር ቆይቷል። ለመርዝ በጀት የሚያገኝ ከተማ ለአንድ መቀስና ለአንድ ሐኪም ያጣል? በየክፍለ ከተማው በወር አንድ ቀን፣ ድሃ በሚችለው ዋጋ ድመትና ውሻ የሚመከንበት ጠረጴዛ ይዘርጋ ነው የምለው። ብዙ ነው? «ሰው ሳይጠግብ ለድመት!» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህን የሚለኝ ሰው ለሰውም ሲሰጥ አይቼው አላውቅም።

ፋሲካ አራት ቀን ሲቀረው ቤት ተገኘ። ወፍጮ ቤት ነው። ባለቤቱ እንደማንኛውም ባለቤት «ወንድ ከሆነ ብቻ» ብለዋል። ጥበቃው ግን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሌሊቱን ብቻቸውን ከአይጥና ከጤፍ ብናኝ ጋር የሚያድሩ። ካርቶኑን ከፍተው አዩ፤ አነሱ፤ ጭራዋን ቀና አደረጉ። እንደ እናቴ።

«ሴት ናት» አልኩ፣ ልቤ ወርዶ።

«ዝም በል፤ ወንድ ናት» አሉኝ። ካፖርታቸው ውስጥ ከተቷት። «ስሙ ሻምበል ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሦስት ቀለም ያላት ድመት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሴት ናት። ቀዩንና ጥቁሩን የሚያወጣው ዘረመል ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ ሁለቱን ቀለም አንድ ላይ ለመልበስ ሁለት ኤክስ ያስፈልጋል፤ ወንድ ደግሞ ያለው አንድ ነው። ስለዚህ ሻምበል ሴትነቷን ቆዳዋ ላይ በሦስት ቀለም ጽፋ በወፍጮ ቤቱ ውስጥ ትንጎራደድ ነበር። ባለቤቱ አንድም ቀን አላነበቡትም። አይጥ ቀነሰ፤ ሻምበልን አመሰገኑ። «ወንድ እኮ ወንድ ነው» ማለታቸውን ጋሼ እየሳቁ በስልክ ነገሩኝ።

ሐኪሙ «ስድስት ወር ሲሞላት አምጣት» ብሎኝ ነበር። ነሐሴ ላይ መሆኑ ነው። ነሐሴ ላይ ገንዘብ አልነበረኝም። መስከረም ላይ ነበረኝ፤ ረሳሁ። ከላይ ስለ ከተማው በጀት ያን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ረሳሁ።

ጥቅምት 2017 ማታ ላይ ጋሼ ደወሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ባለቤቱ አጠገባቸው ናቸው ማለት ነው።

«ሻምበል አርግዟል» አሉኝ።

«እሳቸውስ አወቁ?»

«ዱቄት እየላሰ ነው የወፈረው ብያቸዋለሁ። ግን እስከ መቼ? ለልጆቹ ሰው ፈልግ።»

በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ ደውዬ ዋጋውን ጠየቅሁ፤ ከመጋቢቱ ጨምሯል። ከወለደች በኋላ ግልገሎቹ ጡት እስኪተዉ መጠበቅ እንዳለብኝ ነገሩኝ። ለእሱ ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ፤ ፖስታው ላይ ቀኑን ጽፌበታለሁ። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ስም መዘርዘር ያዝኩ። መጀመሪያ የደወልኩት ለክትፎ ቤቱ ጓደኛዬ ነው፤ ባለቤቱ በሰላም ወልዳለች፣ ግቢያቸውም ሰፊ ነው። ነገሩን አስረዳሁት። ትንሽ ዝም አለ።

«ወንድ ናቸው ሴት?» አለኝ።

«ገና አልተወለዱም» አልኩት።